ከድሬዳዋ ሙቀት እስከ ቆንዱዶ ብርድ፦ የሜሪኖ ሱፍ ልብስ አመራረጥ፣ አለባበስና አያያዝ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ ላብ ያራሰው የጥጥ ካናቴራ ወደ ሐረር በሚወስደው ዳገት ጫፍ፣ ደንገጎ ላይ ጀርባን ይቀጣል። ሚኒባሱ ዳገቱን ጨርሶ መስኮት ሲከፈት፣ ወይም በእግሩ የወጣ ሰው ጫፉ ላይ ቆም ሲል፣ ያ እርጥብ ጨርቅ ከነፋሱ ጋር ተባብሮ ያንዘፈዝፋል። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን የሌላ አገር አየር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፣ የዱር ፈረሶቹ የሚኖሩበት ቆንዱዶ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። አየር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ድሬ ላይ 34 ዲግሪ ሲሆን ቆንዱዶ አናት ላይ በዚያው ሰዓት 22 ገደማ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅና ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ከዚያም በብዙ ይወርዳል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያገኛቸው ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ወፍራም ልብስ መያዝ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ቆዳ ላይ የሚውለው ልብስ ነው ወሳኙ፤ ስስ ሆኖ ላብን የሚችል፣ ረጥቦም ሙቀት የማይነሳ መሆን አለበት። ከሜሪኖ በግ ሱፍ የተሠራ ስስ ልብስ ይህን ያደርጋል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወፍራሙን ሹራብ ተዉትና አንድ ባለ ረጅም እጅ ስስ ካናቴራና ሁለት ጥንድ ካልሲ ግዙ።

መጀመሪያ ጨርቁን ማወቅ

«ሱፍ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወይ የሠርግ ሙሉ ልብስ ነው፣ ወይ የመንዝ በርኖስና ባና። ሙሉ ልብሱ ብዙ ጊዜ ስሙ ሱፍ ሆኖ ጨርቁ ፖሊስተር ነው። ባናው እውነተኛ የበግ ፀጉር ነው፤ ብርድ ይመክታል፤ ባዶ ገላ ላይ ሲውል ግን ይኮሰኩሳል። የሚኮሰኩሰው ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ፀጉር ጫፉ አይታጠፍም፤ ቆዳን ይወጋል። ለውስጥ ልብስ የሚመረጠው የሜሪኖ ፀጉር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ19.5 ማይክሮን በታች ስለሆነ ቆዳ ሲነካ ጫፉ ይተኛል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን እንደሚደርስ ስታስቡት የሜሪኖው ቅጥነት ይገባችኋል።

በሐረርና በድሬ የከብት ገበያ የምናየው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ሱፍ የለውም፤ አጭር ጠጉር ብቻ ነው ያለው። ሜሪኖ ከስፔን የተነሣ ዝርያ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚረባው በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ ነው።

የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። ሰውነት ሲሞቅ ላቡ ፈሳሽ ከመሆኑ በፊት በእንፋሎት መልክ ይወጣል። የሱፍ ፀጉር ይህን እንፋሎት ወደ ውስጡ ይስበዋል፤ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እስኪጠጣ ድረስ እጅ ቢነካው እርጥበቱ እምብዛም አይታወቅም። 200 ግራም የሚመዝን ካናቴራ 60 ግራም ያህል እንፋሎት ይሸከማል ማለት ነው። ፖሊስተር ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ አይጠጣም፤ ላቡ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ጥጥ ፈሳሹን በደንብ ይጠጣል፤ ግን ይሟሽሽና ቆዳ ላይ ተለጥፎ ሙቀት ይሰርቃል። ሱፍ እንፋሎቱን ሲስብ ጥቂት ሙቀትም ይለቃል፤ ከሞቃት ቦታ ወደ ጉም የሚገባ ሰው ድንገት አለመንቀጥቀጡ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ሽታም ቢሆን እስኪታጠብ ድረስ በፀጉሩ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቆይ የሦስት ቀን ልብስ እንደ ፖሊስተር አይሸትም።

ድክመቱም ይነገር። ፖሊስተር ከሜሪኖ ቶሎ ይደርቃል። ሜሪኖ ውድ ነው፣ እሾህ ይቀደዋል፣ ብል ይበላዋል፣ በአጣጠብ ስሕተት ደግሞ በአንድ ቀን የልጅ ልብስ ያህላል። የዚህ መመሪያ ግማሽ የሚሆነውም እነዚህን ስለ መከላከል ነው።

መለያው ላይ ምን ይነበባል

ከአንገቱ ወይም ከጎኑ ስፌት ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ ፈልጉ። እንግሊዝኛው «ሜሪኖ ዉል»፣ ጣሊያንኛው «ላና»፣ ፈረንሳይኛው «ሌን»፣ ጀርመንኛው «ቮለ» ይላል። «ሜሪኖ» የሚለው ቃል ሳይኖር «ዉል» ብቻ ከተጻፈ ጨርቁ ሱፍ ቢሆንም ሊኮሰኩስ ስለሚችል በቆዳ ፈትኑት፤ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ወይም በአንገታችሁ ላይ ለ1 ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ካሳከካችሁ ተራራ ላይ ደግሞ የባሰ ያሳክካል፤ ላብ የነካው ቆዳ ስስ ነውና።

ቀጥሎ መቶኛውን እዩ። 100 በመቶ ሜሪኖ ለገላ ይመቻል፣ ሽታም አይዝም፤ ግን የሚቀደደው እሱ ነው ቀድሞ። ከ80 እስከ 90 በመቶ ሜሪኖ ሆኖ ቀሪው ናይለን የሆነው ለእኛ አካባቢ እሾህና ለቦርሳ ማንገቻ የተሻለ ነው፤ ምርጫችን ይህ ነው። ግማሽ ፖሊስተር የሆነው ቶሎ ይደርቃል፤ ለድሬ ሙቀት መጥፎ አይደለም፣ ሽታ ግን ቶሎ ይይዛል። አክሪሊክ የበዛበትን ተዉት፤ ሱፍ መስሎ ይታያል እንጂ የሱፍ ሥራ አይሠራም። ከጥጥ ጋር የተቀላቀለ ለከተማ ይሆናል፤ ለዳገት አይሆንም።

ሦስተኛው በአንድ ካሬ ሜትር የሚመዝነው ነው። ከ120 እስከ 160 ግራም ስስ ይባላል፤ ለሙቀትም ለብርድም ቆዳ ላይ የሚውለው እሱ ነው። ከ180 እስከ 220 መካከለኛ፣ ከ250 በላይ ወፍራም ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ መለያው ላይ አይጻፍም። ያን ጊዜ ጨርቁን ነጠላውን ወደ ብርሃን ያዙና እጃችሁን ከኋላው አስገቡ፤ የጣቶቻችሁ ቅርጽ ለይቶ ከታየ ስስ ነው። የቅመም ሚዛን ካለም መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው የሚሆን ስስ ባለ ረጅም እጅ 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ከየት ይገኛል፣ እንዴትስ ይፈተናል

አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው። ለዘመድ «የሱፍ ልብስ ላክልኝ» ካላችሁ ወፍራም ሹራብ ነው የሚመጣው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ሜሪኖ፣ 150 ግራም፣ ረጅም እጅ፣ ክብ አንገት፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም።» የኒውዚላንዱ አይስብሬከርና የአሜሪካው ስማርትዉል በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ዴካትሎንም ለተራራ የሚሆን ሜሪኖ ይሠራል። ዩኒክሎ የሚሸጠው ስስ የሜሪኖ ሹራብ ለቢሮ የተሰፋ ቢሆንም በካናቴራ ላይ የሚደረብ ጥሩ ሁለተኛ ልብስ ይሆናል።

ልባሽ ልብስ መካከልም የሜሪኖ ሹራብ አይጠፋም። ሻጩ ስለማያውቀው ከአክሪሊኩ ጋር ደባልቆ ይከምረዋል። ስታገኙት ብብቱን፣ ክርኑንና የአንገቱን ዙሪያ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ የብል ሥራ ነው። ነጥቡ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ይጠገናል፤ ከዚያ ከበዛ ተዉት።

መለያው ለተቆረጠ ልብስ የእሳት ፈተና አለ። ከታጠፈው የውስጥ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ምዘዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሚመዘው የጨርቁን ሳይሆን የስፌቱን ክር ይሆናል፤ የስፌት ክር ደግሞ በንጹሕ ሜሪኖ ልብስ ላይ እንኳ ፖሊስተር ነው። ክሩን በወረንጦ ይዛችሁ በብረት ሳሕን ላይ ለኩሱት። ሱፍ በግድ ይነዳል፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲጫኑት ይደቃል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ የማይደቅ ጠንካራ ዶቃ ይሆናሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ነጣ ያለ አመድ ይተዋል። ይህ ፈተና ሱፍ መሆኑን እንጂ ሜሪኖ መሆኑን አይናገርም፤ እሱን የሚናገረው ክንዳችሁ ነው።

ልክ

ቆዳ ላይ የሚውለው ልብስ ሳያጣብቅ ገላ መንካት አለበት። ከሰፋ ላቡ ከጨርቁ ሳይገናኝ በደረት ላይ ይወርዳል፤ ከጠበበ ጨርቁ ተለጥጦ ይሳሳል፤ ፀሐይም ያሳልፋል፣ ቶሎም ይቀደዳል። እጃችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ ወገባችሁ የሚገለጥ ከሆነ አጥሯል፤ ቦርሳ ሲታዘል እዚያው ቦታ ላይ ይላጣችኋል። ለድሬ ሙቀት ብቻ ለሚለብሰው ሰው ግን ትንሽ ላላ ያለ ይሻላል፤ አየር መግባት አለበት።

የሚስተካከል ነገር ካለ ሐረር «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ይሠሩታል፤ ነገር ግን ጨርቁ ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለሹራብ ጨርቅ የሚሆን ጫፉ ክብ የሆነ 75 ቁጥር መርፌ፣ የፖሊስተር ክርና ዚግዛግ ስፌት ያስፈልጋል። በተለመደው ሹል መርፌ ከተሰፋ ክሩን እየበጠሰ ይሄዳል፤ ያን ቀን አይታይም፤ ከሁለት እጥበት በኋላ በስፌቱ ዳር የቀዳዳ ሰልፍ ይወጣል። ቀጥ ባለ ስፌት ከተሰፋም ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። በካውያ ሲተኮስ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ተደርጎበት፣ ካውያው ለብ ብሎ ይሁን።

በየአየሩ እንዴት ይለበሳል

*ድሬዳዋ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ።* ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለሚሮጥ ወይም ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ከ120 እስከ 150 ግራም የሆነ ፈዛዛ ቀለም ያለው ካናቴራ ብቻውን ይበቃል። ረጅም እጁ ከአጭሩ ይሻላል፤ ክንድን ከፀሐይ ይከልላል፣ ላቡም ብዙ ጨርቅ አግኝቶ ይተናል። ፀጉራቸውን ለሚሸፍኑ ሴቶች ስስ የሜሪኖ ሻርፕ ከናይለኑ ሻሽ በብዙ ይመቻል፤ ጆሮ ሥርና ማጅራት ላይ አያልብም። ሻርፑን ውሃ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጋችሁ አንገት ላይ ብታደርጉት ቀስ እያለ ስለሚደርቅ ቅዝቃዜው ይቆያል።

ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ሜሪኖም ሆነ ሌላ ልብስ የግንቦትን ፀሐይ አይመልስም። ጥላ ፈልጉ፣ ጠጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከመጣ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ገላን በውሃ አርጥቡ፤ ላብ ቆሞ ቆዳው ከጋለ ወይም ንግግር ከተምታታ ሰውየውን እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱ። ቤት ለሚቀመጥ ሰውማ ሽርጥና ላላ ያለ ጥጥ ከሜሪኖ ይበልጣል፤ ጥጥ ረጥቦ ማቀዝቀዙ እዚህ ጥቅም ነው።

*ወደ ደንገጎ ዳገት።* እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። ስትነሡ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበላችሁ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ዳገቱ ያሞቃችኋል። ሞቆ የሚነሣ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሁለቱንም ልብሱን አርጥቧል። የሚወጣው በስስ ካናቴራ ብቻ ነው፤ ሹራቡ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። እጅጌያችሁን እስከ ክርን ሰብስቡ፣ ዚፕ ካለው ክፈቱት። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ነፋሱ መሀል ቆማችሁ ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት ከድንጋይ ወይም ከመኪና ጀርባ ግቡና የነፋስ ጃኬቱን ከእርጥቡ ካናቴራ በላይ ልበሱ። ብርድ እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ ከተሰማችሁ በኋላ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ካናቴራው በገላችሁ ሙቀት ከጃኬቱ ሥር ይደርቃል። ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን በሌላ ቀይሩት፤ ያን ያህል የራሰ ሱፍ ከባድ ነው፣ ቶሎም አይደርቅም።

*ሐረር።* ቀኑ ለስስ ካናቴራ የሚመች ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት ከጁገል ግንብ ውጭ የሚቆም ሰው 200 ግራም ሹራብ ይደርብበት። ቆሞ የሚያይ ሰው ከሚራመድ ሰው ይልቅ ይበርደዋል።

*ቆንዱዶ ወይም ጋራ ሙለታ፣ አዳር ሲኖር።* የሚለበሰው ስስ ካናቴራ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሁለተኛ ስስ ካናቴራ በፌስታል ታስሮ ይኑር፤ እሱ የእንቅልፍ ልብስ ነው፤ ምንም ቢሆን ቀን አይነካም። ከ200 እስከ 250 ግራም የሆነ ሹራብ፣ 200 ግራም የሆነ ታይት፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፣ የሱፍ ቆብ፣ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ጃኬት ይጨመር። ጋቢ መያዝ የለመደ ሰው ይያዘው፤ ባለ አራት ድርቡ ጋቢ ደረቅ ሲሆን ተወዳዳሪ የለውም። ግን ጥጥ ነው፤ ጤዛ ወይም ዝናብ ካገኘው ሸክም ብቻ ይሆናል። በፕላስቲክ ታስሮ ይሂድ፣ ድንኳን ውስጥ ብቻ ይፈታ።

እንደደረሳችሁ፣ ውሃ ከመጣዱ በፊት፣ እርጥቡን ካናቴራ አውልቃችሁ ደረቁን ልበሱ። እርጥቡ ትንሽ ወዝ ብቻ ከቀረው ከደረቁ በላይ ደርባችሁት ብትተኙ ሲነጋ ደርቆ ይገኛል። እሳት ዳር ማድረቅ ግን አይመከርም፤ ሱፉ ባይቀልጥም ናይለኑና የስፌቱ ክር ይቀልጣሉ። ጓደኛችሁ መንቀጥቀጡን ሳያቆም ንግግሩ ከተጎተተና ጣቶቹ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው ብርዱ ውስጡ ገብቷል፤ እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት።

*ባቢሌና ዝቅ ያለው ቁጥቋጦ።* እዚህ የሜሪኖ ጠላቱ አየሩ ሳይሆን ግራሩ ነው። ከላይ ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ወይም የናይለን ሸሚዝ ደርቡ፣ ሜሪኖው ከሥር ይዋል። እሾህ ሲይዛችሁ ወደ ፊት አትጎትቱ፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሱና በእጅ አላቅቁት። የቁልቋል ፍሬ ላይ ያለችው ዓይን የማትለያት ጸጉር መሰል እሾህ ሹራብ ውስጥ ከገባች በእጥበት አትወጣም። ልብሱ ደረቅ እያለ ሰፊ ፕላስተር እየለጠፋችሁ ንቀሉ፤ የቀረውን በወረንጦ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ከጎን እያያችሁ ልቀሙ።

ካልሲ

አብዛኛውን ልዩነት የምታዩት እግር ላይ ነው። እግር የሚላጠው እርጥብ ቆዳ ሲታሽ ነው፤ የሱፍ ካልሲ እርጥበቱን ከቆዳ ስለሚያርቅ ውሃ መቋጠሩ ይቀንሳል። ከ60 እስከ 75 በመቶ ሜሪኖ ሆኖ ቀሪው ናይለንና ጥቂት ላስቲክ የሆነው ይበቃል፤ 100 በመቶ የሆነ ካልሲ ተረከዙ ቶሎ ያልቃል። ተረከዙ በትክክል ተረከዝ ላይ መግባት አለበት፤ ሰፍቶ የሚታጠፍ ካልሲ ራሱ ይላጣል። ወፍራም ካልሲ ለመልበስ ብላችሁ ጫማውን አታጥብቡ፤ ደም ካልተዘዋወረ ሱፍ አያሞቅም። ረጅም መንገድ ላይ እኩለ ቀን ላይ ቀይሩና የወጣውን ከቦርሳው ውጭ አንጠልጥሉት። የእግር ጥፍርም ይቆረጥ፤ የካልሲን ጫፍ የሚበሳው እሱ ነው።

ዝናብ

ሜሪኖ ውሃ አይከላከልም። ካፊያን ለተወሰነ ጊዜ ይችላል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ግን ያለ ዝናብ ጃኬት አይሞከርም። ጃኬቱ ሲለበስ እርምጃችሁን ቀንሱ፤ ከሥሩ በላብ ከራሳችሁ ጃኬቱ ጥቅም አልነበረውም።

ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ የምትሄዱ ከሆነ ከልብስ የሚቀድም ነገር አለ። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደንገጎና አካባቢው ያሉት ተራሮች ላይ የወረደው ዝናብ ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ድንገት ይሞላዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሕይወት ወስዷል። ተራራው ጠቁሮ ካያችሁ ከአሸዋው ውጡ፤ አሸዋው ላይ ድንኳን አትትከሉ።

አጣጠብ

በየቀኑ አይታጠብም። ለብሳችሁት ስትገቡ አየር በሚነፍስበት ጥላ ላይ ለአንድ ሌሊት ስቀሉት፤ የጭስም ሆነ የዕጣን ሽታ በዚያው ይቀንሳል። ካናቴራን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ማጠብ ይበቃል፤ ነጭ የጨው ክብ ከታየ ግን በዚያው ቀን በውሃ ብቻ አለቅልቁት። ውሃ በወረፋ ለሚያገኝ የሐረር ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሱፍ የሚኮማተርበትን ምክንያት ማወቅ ከስሕተት ያድናል። የፀጉሩ ላይኛ ክፍል እንደ ጣራ ክዳን የተደራረበ ቅርፊት አለው። ሙቀት፣ ጠንካራ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይነሡና እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። የተቆላለፈ አይፈታም። ስለዚህ ሦስቱን አርቁ።

1. ውሃው ከ30 ዲግሪ አይበልጥ። ድሬ ላይ ጣሪያ ላይ ያለ የሮቶ ውሃ ከሰዓት በኋላ ሳትጥዱት ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ጠዋት ቅዱት። እጅ ሲነከርበት ሙቀቱ ከታወቃችሁ ለሜሪኖ በዝቷል።

2. 5 ሊትር ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርጋችሁ 1 የሻይ ማንኪያ የፀጉር ሻምፖ ወይም ለሱፍ የሚሆን ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። ደረቅ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ሁለቱም ለሱፍ ይከብዳሉ፤ ከዱቄቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ የእንቁላልና የደም እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አላቸው። ሱፍ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ያው ኢንዛይም እሱንም ይበላዋል። በረኪና ጨርሶ አይነካው፤ ሱፍን ያሟሟዋል። ማለስለሻም አይጨመር።

3. ልብሱን ገልብጣችሁ ንከሩት፣ ለ5 ደቂቃ በመዳፍ ጫን ለቀቅ አድርጉት። አትሹት፣ አትፈትጉት። ብብትና አንገት ላይ ጠብታ ሻምፖ በጣት ቀቡ። ከ10 ደቂቃ በላይ አይዘፍዘፍ።

4. በተመሳሳይ ሙቀት ባለ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። የድሬ ውሃ ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ጨርቁም ላይ ይቀራል፤ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ልብሱን ያደርቀዋል፣ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ በመጨረሻው 5 ሊትር ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምሩ። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል።

5. አትጠምዝዙት። እርጥብ ሱፍ ከደረቁ ይልቅ ደካማ ነው፤ ጠምዛዥ እጅ ስፌቱን ያጣምመዋል። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉና በጉልበታችሁ ጫኑት።

6. ጥላ ላይ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉት። ሽቦ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ውሃ ክብደት ይረዝማል፣ ዝገትም ይይዛል። ድሬ ላይ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ ሐረር በክረምት ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል።

እንዲህ ሲታጠብ በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ካናቴራና ሦስት ጥንድ ካልሲ ይጸዳል። ካልሲው ከካናቴራው በኋላ በዚያው ውሃ ይግባ። መለያው በማሽን ይታጠባል የሚል ከሆነ ለሱፍ የተመደበውን ዑደት፣ 30 ዲግሪና ዝቅተኛ ፍጥነት ምረጡ፤ ዚፕ ያለው ልብስና ጂንስ አብሮ አይግባ።

ብልና ቀዳዳ

ሱፍ የሚበላው የሚበርረው የእሳት ራት መሰል ነፍሳት አይደለም፤ እጮቹ ናቸው። ጨለማ፣ ጸጥታና የላብ ወይም የወጥ እድፍ ይወዳሉ። ስለዚህ ሳይታጠብ የተቀመጠ ልብስ ቀድሞ ይበላል። ታጥቦ በደንብ የደረቀውን በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ አፉን አጥብቃችሁ ዝጉ። በየሁለት ወሩ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን አራግፉት፣ የስፌቱን መስመር በብሩሽ ጥረጉት። ናፍታሊን የምትጠቀሙ ከሆነ ልጅ የማይደርስበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ከመልበሳችሁ በፊትም ልብሱ ውጭ አየር ያግኝ።

ልባሽ የተገዛ ልብስ ቁምሳጥን ከመግባቱ በፊት በከረጢት ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት ይቆይ። መብራት ሄዶ በረዶው ከሟሟ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ።

ትንሽ ቀዳዳ በጊዜው ከተያዘች አትታይም። ስስ የሱፍ ክር ያስፈልጋል፤ ከሌለ ከልብሱ ውስጠኛ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ምዘዙ። ልብሱን ገልብጡ፣ ቀዳዳዋ ሥር እንቁላል ወይም ትንሽ ብርጭቆ አስገቡ፣ ግን አትለጥጡት። ከቀዳዳዋ 3 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ያልተጎዳው ጨርቅ ላይ ጀምሩ። በዙሪያዋ የተከፈቱትን ትናንሽ ቀለበቶች አንድ በአንድ በመርፌ አንሡ፤ አንዷ እንኳ ከተዘለለች እንደ ካልሲ ክር ወደ ታች ትተረተራለች። ሁሉም ከተያዙ በኋላ ክሩን በቀስታ ሳቡ፤ አፏ ይገጠም እንጂ ጨርቁ አይሸብሸብ። በቋጠሮ አትጨርሱ፤ ቋጠሮ ከቦርሳ ማንገቻ ሥር ቆዳ ይልጣል። የቀረውን ክር በጨርቁ ቀለበቶች መሀል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አመላልሳችሁ ደብቁት፣ ጫፉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ መጀመሪያው እጥበት ላይ ራሱ ይይዛል።